የሰርቺፕ ሙሽራ ጥቁር ሸማ

ሮቱዋሚ ድሩ የሚወጠርበትን የሽመና ቆዳ ወገቧ ላይ አስራ እግሯን ሳትዘረጋ፣ ባሏ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ «ሙሽራዋ እንዴት አደረች?» አላት።

«ደህና አድራለች። አንተስ?»

«የኔን ተዪው። ሰርጉ መቼ ሆነ?»

«ዝናቡ ሲያባራ።»

«እስከዚያ ሙሽራው ይጠብቃል?»

«ይጠብቃል። ምን ሥራ አለው?» አለችና ማጉን በድሩ መሃል አሳለፈች። ጠፍጣፋውን እንጨት አስገብታ ሁለት ጊዜ መታችው።

ቤቱ ገደሉ ላይ በእንጨት እግሮች የቆመ ስለሆነ፣ እሷ ማግ በመታች ቁጥር የቀርከሃው ወለል ይነዝራል። ንዝረቱ በባሏ አልጋ ስር አልፎ ምድጃው ላይ ለጭስ የተሰቀለውን የአሳማ ሥጋ ያወዛውዛል። አንድ ቀን «ካመመህ ልተወው» ብላው ነበር። «መኪና ላይ የተኛሁ ይመስለኛል፤ ምቺው» ነበር መልሱ። ታንዛውቫ ሠላሳ ዓመት ዝንጅብል የጫነ መኪና በኮረብታው ጠመዝማዛ መንገዶች ሲነዳ የኖረ ሰው ነው።

አይዞል ያለው ሐኪም «ወደ ቤታችሁ ውሰዱት፣ የሚወደውን አብሉት» ካለ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። የሚወደውን ማብላት ቀላል ነገር መስሏት ነበር። አሁን ሩዝ አቅጥና ቀቅላ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ በሻይ ማንኪያ ትሰጠዋለች። አራት ማንኪያ ከወሰደ ቀኑ ጥሩ ቀን ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ሌላውን አይቀበልም። ማታ ታገላብጠዋለች፣ ጠዋት አንሶላ ታጥባለች፣ ዝናቡ ስለማያደርቅላት ምድጃው ዳር ታሰጣዋለች። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ለዓይኗ ሲበቃት ወደ ድሩ ትሄዳለች።

ድሩን የዘረጋችው ከአይዞል በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ነው። «ለማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ለሰርቺፕ ከተማ ሙሽራ» አለችው። «የሸማ ነጋዴዋ አስቸኳይ ነው ብላኛለች።»

ሌላ ውሸት አልነበራትም። ጥቁር መሬት ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያለውን ሸማ ያየ ሁሉ ፑዋንዱም መሆኑን ያውቃል። በዚያ ኮረብታ ላይ ጥቁር ሸማ ሳትይዝ ባሏ ቤት የገባች ሴት የለችም። ሌላው ጥሎሽ ቢጎድል ይጎድላል። ባሏ የሞተ ቀን የምታለብሰው ግን፣ ሙሽራ ሆና ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣችው ነው። ስለዚህ ጥቁር ሸማ የሚሸመነው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለቀብር፤ ሮቱዋሚ ሠርጉን መረጠች።

የራሷን ያጣችው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። እናቷ በቅጠል አጥቁራ የሸመነችላት፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላም ሳጥኑ ሲከፈት የዱር ሽታ የሚሸት ሸማ ነበር። በዚያው ዓመት በጋ፣ ለእርሻ ጫካ ሲያቃጥሉ እሳቱ አምልጦ የጎረቤቷን የሊያንዛሚን ቤት ከነሳጥኗ በላው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የሊያንዛሚ ባል በሦስት ቀን ወባ ሞተ። መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ነበር፤ ከገበያ የሚመጣ ነገር የለም። ሊያንዛሚ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻት። ሮቱዋሚ ወደ ቤቷ ተመልሳ ሳጥኑ ፊት ቆመች። ታንዛውቫ ከኋላዋ መጥቶ፣ «ስጫት እንጂ! እኔ መች ሞትኩ?» አላት። ሰጠቻት።

ያኔ አልከበዳትም። ሸማኔ ናት፤ ጥጥ ቤቷ ውስጥ ነው፤ ሌላ ትሸምናለች። በየዓመቱ፣ መከር ሲያልቅ፣ «ዘንድሮ የራሴን እሸምናለሁ» ትል ነበር። በየዓመቱ አንዲት እናት ሻይ ቅጠል ይዛ ትመጣና፣ «እባክሽ ልጄ በታኅሣሥ ልታገባ ነው» ትላታለች። በስምንት ዓመት ውስጥ ለስንት የሰው ልጅ ጥቁር ሸማ እንደሸመነች አታውቅም። የእሷ ሳጥን ግን ባዶውን እንዳለ አለ።

የሰው አፍ አላስፈራትም። አንዱን ከገበያ ገዝታ፣ ወይ ከዘመድ ተውሳ ብታለብሰው ማንም ፊት ለፊት አይናገራትም። የፈራችው ሳጥኑን ከፍታ ባዶ እጇን የምትመለስበትን ያችን ደቂቃ ነበር።

ሸማው በሁለት ወርድ ተሸምኖ መሃል ላይ ይሰፋል። በደህና ጊዜ አንዱን ወርድ በስድስት ቀን ትጨርሰዋለች። አሁን የመጀመሪያው አምስት ሳምንት ወሰደባት። ሁለተኛው ገና አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

*

ሊያንዛሚ ጠዋት ጠዋት ጎመንና የቀርከሃ ቡቃያ ይዛ ትመጣለች። በሽተኛውን አብራ ታገላብጥላታለች፣ ውሃ ትቀዳላታለች። ያን ቀን ሰገነቱ ላይ አንሶላ ሲጨምቁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በልጇ ስም እየጠራቻት፣ «የዞዲኒ እናት፣ ወገብሽን አይቼዋለሁ። እንደ አሮጊት ነው የምትነሺው። የቀረውን ለኔ ስጪኝ፤ በአራት ቀን ላውጣው» አለቻት።

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? እኔ የኔን ሰው ባንቺ ሸማ አልሸኘሁም? ማን ሸመነው ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

«ያ ያንቺ ነገር ነው።»

«በኔ ምክንያት እኮ ነው ይሄ ሁሉ።»

«ባንቺ ምክንያት አይደለም» አለች ሮቱዋሚ። አንሶላውን ጠምዝዛ ውሃውን ወደ ገደሉ ጨመቀችው። «ሳጥኔን ስምንት ዓመት ሙሉ ባዶውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ሊያንዛሚ ጫፉን ያዘችላት።

ሲገቡ ታንዛውቫ ነቅቶ ነበር። ከንፈሩን አረጠበችለትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቆዳውን ስታስር ትናንት የቆሰለው የወገቧ አጥንት ላይ አረፈ። ትንሽ ዝቅ አደረገችው። እግሯን ወለሉ ላይ ከተቸነከረው ቀርከሃ ጋር አስደግፋ ወደ ኋላ ስትለጠጥ ድሩ ተወጠረ። የዚህ ሽመና ነገር እንዲህ ነው፤ ድሩን የሚወጥረው የሸማኔዋ ሰውነት ነው። እሷ ከዘመመች ሸማውም ይዘምማል።

«ይቺ ሙሽራ ፊደል ቆጥራለች?» አላት ባሏ።

«አስተማሪ ናት።»

«ሙሽራውስ?»

ሮቱዋሚ ማጉን እያሳለፈች አሰበች። «ሹፌር ነው።»

«ውይ! የሚከለክላት ዘመድ አጣች?»

«ስንቱ ነግሯት! አልሰማም አለች።»

«ይጠጣል?»

«ድሮ ይጠጣ ነበር አሉ። አሁን ትቷል።»

«ይዋሻል። ሹፌር አይተውም» አለና ሊስቅ ሲል ሕመሙ ያዘው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ እንጨቱን ድሩ መሃል እንዳስገባች እጇን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀች። ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ትሰማለች።

«እናቷ ምን አለች?» አላት በመጨረሻ።

«እናቷ አለቀሰች። ከዚያ ሸማ ሸመነችላት።»

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የታንዛውቫ ታላቅ እህት ፒ ዳርንጉሪ ከሉንግሌይ መጣች። ጂፑ መንገድ ዳር ጥሏት፣ ያንን ሁሉ ደረጃ በእግሯ ወርዳ፣ ጃንጥላዋ ተሰብሮ፣ ከንፈሯ በሚታኘክ የኩቫ ፍሬ ቀልቶ በሩን ገፋችው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ወንድሟን በጨቅላነቱ ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ድምጿም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

መጀመሪያ ያየችው አልጋውን አይደለም። በሩ ፊት ለፊት ድሩ ተወጥሯል።

«እንዴ! ገና እዚህ ላይ ነሽ?» አለች። «አንዱን ወርድ እንኳ አልጨረስሽም? ታዲያ ይሄ ልጅ ምን ለብሶ ሊቀበር ነው?»

ምድጃው ዳር የተቀመጠችው ሊያንዛሚ አንገቷን ደፋች። ሮቱዋሚ እንጨቱን እንደያዘች ቀረች። ፒ ዳርንጉሪ የአንዷን ፊት አየች፣ የሌላዋን አየች፣ በመጨረሻ አልጋውን አየች። ወንድሟ ዓይኑን ገልጦ ያያታል።

«እ…» አለች። «ተኝቷል ብዬ ነው።»

«እትዬ» አላት ታንዛውቫ፣ «ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ደህና ዋላችሁ ይባላል።»

«ደህና ዋላችሁ» አለች አሮጊቷ። ጃንጥላዋን የት እንደምታስቀምጥ ጠፍቷት ቆመች። ልብሷ ይንጠባጠባል።

ሊያንዛሚ ተነስታ ክንዷን ያዘች። «ይምጡ ፒ ዳርንጉሪ፣ እኔ ቤት ልብስ ይለውጡ፤ ሻይም አለ» ብላ ይዛት ወጣች። ደረጃው ላይ የአሮጊቷ ድምፅ ይሰማል፤ «እኔ ምን አውቄ! ነቅቶ ይሰማል ብዬ ነው እንዴ? አፌ ቢቃጠል ምን አለ!»

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

ሮቱዋሚ ቆዳውን ከወገቧ ልትፈታ ሞከረች። ቋጠሮው እምቢ አላት። ጥላው ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ» አላት ባሏ።

«ምኑን?»

«ለሰው ስትሸምኚ መዝሙር ታንጎራጉሪያለሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አደንቁረሽዋል። በዚህኛው ላይ አንድም ቀን አላንጎራጎርሽም።»

ይህን እሷ ራሷ አላወቀችውም ነበር።

«ካወቅህ ለምን ነው ጠዋት ጠዋት ሙሽራ፣ ሙሽራ የምትለኝ?»

«ደስ ይለኝ ነበር። አንቺንም ደስ ይልሽ ነበር፤ አትዋሺ።»

አንድ የተበጠሰ የድር ክር አገኘችና በጣቶቿ ቋጠረችው። ሌላ የተበጠሰ ፈለገች፤ አጣች። ድሩ ጥቁር ሆኖ ፊቷ ተዘርግቷል። ሁለት ክንድ ተኩል ይቀረዋል።

«ደከመኝ፣ የዞዲኒ አባት» አለች።

ይህን ቃል ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ልጃቸው ዞዲኒ ከዴልሂ ስትደውል፣ «እማዬ እንዴት ነሽ? ፈቃድ የሚሰጡኝ በወሩ መጨረሻ ነው፤ ትችያለሽ?» ስትላት፣ «ደህና ነኝ፣ ልጄ፤ ሥራሽን ሥሪ» ነው የምትላት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማችው።

«አውቃለሁ» አላት። «የሚያደክምሽ ምኑ ነው? መምታቱ ነው?»

«መምታቱ አይደለም። ማጉ ባለቀ ቁጥር ቆዳውን ፈትቼ፣ ተነስቼ፣ እንደገና ማጠንጠኑ ነው። መነሳቱ ይገድለኛል።»

«በይ ክሩን አምጪው።»

«የቱን?»

«ማጉን። የሚጠነጠንበትንም እንጨት ጨምሪ። እኔ አጠነጥናለሁ።»

ቀና ብላ አየችው። በዚያ አገር ወንድ ልጅ የሽመና ዕቃ አይነካም። ሕፃን ሳለ ከነካ እናቶች እጁን ይመቱታል፤ አድጎ አደን ሲወጣ ጥይቱ ይስታል ይባላል። ታንዛውቫ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ድሯ መንገድ ላይ ከተዘረጋ ዞሮ በኋላ በር ነበር የሚገባው።

«አብደሃል?»

«ከእንግዲህ ምን ላድን ነው?» አላት።

ቋጠሮውን እንደ ምንም ፈታችው። በጉልበቷ ሄዳ ልቃቂቱንና ቀጭኑን የቀርከሃ እንጨት አመጣችለት። ጀርባውን በትራስ ደገፈችው። ጣቶቹ ቀጥነው መገጣጠሚያቸው ብቻ ቀርቷል። ክሩን አንድ ዙር አዞረው፣ ወደቀበት። አነሳችለት። እንደገና አዞረው።

ፒ ዳርንጉሪ የሊያንዛሚን ቀሚስ ለብሳ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች።

«ወይ ጉዴ! ወንድሜን ሴት አደረግሽው?»

«ቀሚሱ አንቺ ላይ አላማረም እንጂ ለኔም ይሆነኝ ነበር» አላት ወንድሟ። «እትዬ፣ ነይ ተቀመጪ። እጅሽን ዘርጊ። ክሩ ይተበተብብኛል።»

«እኔ? ከሉንግሌይ ድረስ መጥቼ?»

«አንቺ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሮቱዋሚ የክሩን ጥቅል በሁለት እጇ መሃል አስገባችላት። አሮጊቷ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ኩቫዋን እያኘከች፣ ክሩ ሲጎተት ግራና ቀኝ ትወዘወዛለች። «ቀስ በል… አላጠበቅኸውም፣ እየላላ ነው… ድሮም እጅህ ጠማማ ነው፤ የዶሮ ቤት ሥራ ቢሉት ለእባብ በር ትቶ የሠራ ሰው…» ትለዋለች። አልፎ አልፎ አፍንጫዋን ትከሻዋ ላይ ትጠርጋለች፤ እጇ አልተፈታም።

ሮቱዋሚ ወደ ድሩ ተመለሰች።

በመጀመሪያው ቀን አራት እንጨት ማግ አጠነጠነላት፤ በማግስቱ ሦስት። ልምድ የሌለው እጅ ያጠነጠነው ማግ አንድ ቦታ ይጠብቃል፣ አንድ ቦታ ይላላል። እንጨቱ ድሩ ውስጥ ሲያልፍ ይጎትታታል። በዕድሜዋ ብዙ ልጃገረዶችን ሽመና አስተምራለች፤ እንዲህ ያለ ማግ ሲያመጡላት ሳታይ ትመልሰዋለች፣ «ፍቺና እንደገና» ትላቸዋለች። አሁን የመጣላትን ሁሉ ተቀብላ አሳለፈችው። በሸማው ላይ እጇ ያውቀዋል፤ ከአንድ ክንድ በኋላ ጨርቁ ለስለስ ይላል፣ ጠርዙ ትንሽ ይወላገዳል።

በአምስተኛው ቀን አንድ እንጨት ብቻ ጨረሰ። በስድስተኛው እጁን ዘርግቶ ክሩን ያዘ፣ ሳያዞረው እንቅልፍ ወሰደው። እህቱ ጥቅሉን እንደያዘች ብዙ ቆይታ፣ ክሩን ከጣቶቹ ቀስ ብላ አወጣችው። የቀረውን ስንዝር በራሷ ማግ ሮቱዋሚ ጨረሰችው። ያንን ስንዝርም ሦስት ቀን ሸመነችው።

ድሩን የቆረጠችው ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለቱን ወርዶች ጉልበቷ ላይ ገጥማ መሃሉን ሰፋች። አንዱ ጥብቅ፣ አንዱ ልል ስለሆነ እኩል አልመጡም። ልሉን እየሰበሰበች፣ ጥብቁን እየሳበች፣ ዝናቡ ቆሞ እንደገና እስኪጀምር ድረስ ሰፋችው። እንዲህ ያለ መጥፎ ስፌት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

«አለቀ?» አላት ከአልጋው።

«አለቀ።»

«እስቲ ልየው።»

ሮቱዋሚ ቆማ አመነታች። ጥቁር ሸማ ሕይወት ያለው ሰው ላይ አይዘረጋም። አጥፋ ይዛ ቀረበችና ጫፉን ብቻ እጁ ውስጥ አደረገችለት። በአውራ ጣቱ አሻሸው። ወደ ሌላኛው ወርድ ሄደ፣ ተመለሰ። ለስላሳውን አገኘው።

«ይሄ የኔ ነው።»

«አዎ።»

«መጥፎ ነው።»

«በጣም መጥፎ ነው» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ያለው ይመስላል። ጫፉን ለቀቀላት።

ሸማውን በአራት አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ አስገባችው። ክዳኑን ዘጋችው። ለብዙ ሳምንት ይህችን ደቂቃ ስታስብ ትከሻዋ የሚቀልላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። አሁን ለእጆቿ የሚሆን ሥራ የለም። የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ከሽመናው ይከብዳል። ግድግዳው ላይ ድሩ የታሰረበት ቀርከሃ ባዶውን ቆሟል።

«ነይ» አላት።

«ምን ልስጥህ? ውሃ?»

«ምንም። ጋደም በይ።»

«በቀን? ሩዙስ?»

«ነይ እላለሁ።»

በሽተኛውን እንዳትነካው ተጠንቅቃ አልጋው ጠርዝ ላይ በጎኗ ተኛች። ወገቧ ቀስ በቀስ ሲለቃት ታወቃት፤ ሕመሙ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ጠንከር አለ። ከእሱ የመድኃኒት ሽታ ይመጣል፤ ከሥሩ ደግሞ የራሱ ሽታ፣ የመኪና ዘይትና የትንባሆ፣ ገና አለ። ትንፋሹን ቆጠረች። አንዱ ረዘመ፣ አንዱ አጠረ። ልትነሳ አሰበች፤ አልተነሳችም።

በሩ ሲከፈት የሰማችው ከሩቅ ነው።

«እንዴ፣ ይሄ ምንድነው? በቀን ብርሃን!» የፒ ዳርንጉሪ ድምፅ ነው። «ስድስት ሰዓት ሆነ እኮ! ሩዙን ማን ሊጥደው ነው?»

«አንቺ ጣጂው፣ እትዬ» አላት ታንዛውቫ። «ድስቱን ሳታንኳኪ።»

አሮጊቷ አንድ ነገር አጉረመረመች። ከዚያ የምድጃ እንጨት ሲሰበር፣ ቀስ ተብሎ ሲሰበር ተሰማ። ሮቱዋሚ የሰማችው እስከዚያ ድረስ ነው፤ እንቅልፍ ወሰዳት።